ውስጧ ሰው አለች

ኦይታ አማርኛ ሲናገር በዓለም ላይ ወንድ የሚባል ፍጥረት ያለ አይመስለውም ነበር። በእሱ አፍ በሬውም ላሟም፣ ሊቀ መንበሩም ዘበኛውም ሁሉም «እሷ» ናቸው። «ካሱ መጣች፣ መጋዟን ይዛ» ይላል። ካሱ ማለት እንግዲህ ጢሙ ደረቱን የነካ፣ ትከሻው በር የሚሞላ፣ ለመብራት መስመር ዛፍ የሚቆርጡት ሠራተኞች አለቃ ነው። ውቢት ይህን በሰማች ቁጥር ሆዷን ይዛ ትስቃለች።

«ኦይታ፣ ኧረ እስቲ አንድ ወንድ ፍጠርልን!» ትለዋለች።

እሱም አብሯት ይስቃል። ከካምባ ደጋ ወርዶ አርባ ምንጭ ውስጥ እንጨት ሲፈልጥ ብዙ ዘመን ኖሯል፤ ቋንቋውን የያዘው ግን እንደ መጥረቢያው ነው። ይቁረጥለት እንጂ ማማሩ አያስጨንቀውም።

ውቢት የመንዝ ሰው ናት። ባሏ ሸዋንዳኝ የትምህርት ቤት ዲሬክተር ሆኖ ሲመደብ አብራው ወረደች። ብርዱን የለመደ ገላዋ ያንን ሙቀት እስኪችል ድረስ አሳሯን በላች፤ ስትችለው ደግሞ ወባ ባሏን ነጠቃት። ዘመዶቿ «ነይ፣ ምን ትሠሪያለሽ እዚያ በረሃ» እያሉ ሰው ቢልኩባትም ንቅንቅ አላለችም። ያስቀራት አንድ ነገር ነበር፤ ልጇ ሉሊት።

ሉሊት የጠፋችው ወጣት መሆን ብቻውን በሚያስጠረጥርበት በዚያ በክፉ ዓመት ነው። አሥራ አንደኛ ክፍል ነበረች። አንድ ቀን አብዮት ጠባቂዎች በፊት ለፊት በር ሲገቡ እሷ በጓሮ በር ወጣች፤ በዚያው ቀረች። ኬንያ ገብታለች ያለ ነበር፤ ጋሞ ተራራ ላይ ስሟን ቀይራ እንሰት ትፍቃለች ያለ ነበር፤ ከንፈሩን መጥጦ ዝም ያለም ነበር። ውቢትን የገደላት ይኼ የመጨረሻው ነው። ይኸው እስከ ሰባ ሁለት ዓመተ ምሕረት ድረስ ጠባቂዎቹ ሲያሻቸው እየመጡ «ልጅሽ መጣች?» ይሏታል፤ እሷም «ወስዳችኋት ከሆነ መልሱልኝ፣ ካልወሰዳችኋት ተዉኝ» ትላቸዋለች። እነሱ የሚፈልጉት ልጅቷን ነው፤ እሷ የምትፈልገው አንድ ቃል ነው፤ አለች ወይስ የለችም። ይህን ሳታውቅ ነው የምትተኛው፣ ይህን ሳታውቅ ነው የምትነሣው። ከጓሮው አጥር ላይ ያለውን ያንን በርም ከዚያን ቀን ወዲህ ቆልፋው አታውቅም።

የዕለት እንጀራዋን የምታገኘው ዳቦ ጋግራ በታችኛው ሰፈር፣ በሲቀላ ላሉ ሻይ ቤቶች በማከፋፈል ነው። ዳቦ ደግሞ እንጨት ይበላል። ስለዚህ ውቢት እንጨት የምታውቀው ሌላው ሰው ሥጋ እንደሚያውቀው ነው፤ የቱ አጥንት እንዳለው፣ የቱ ስብ እንደሆነ፣ የቱ ጭስ ብቻ እንደሆነ በዓይኗ ትለያለች። ግራር ታምናለች። ብሳናን ትንቃለች። ሾላ ከሆነማ በሯ እንዲደርስ አትፈቅድም፤ ውኃ ያዘለ፣ ሲፈለጥ የሚያለቅስ፣ ሲነድ የሚያንቋርር እንጨት ነው።

የዚያን ሰሞን ግን አልመረጠችም። ከሲቀላ ወደ ላይኛው ሰፈር ወደ ሴቻ አዲስ የመብራት መስመር ሊዘረጋ ካሱና ሰዎቹ በመንገዱ ዳር ያለውን ዛፍ ሁሉ እየጣሉት ነበር። ግንዱን ጋሪ ይዞ የመጣ ሁሉ ይወስዳል። ከተማው እንዳለ እንደ ድግስ ተሻምቶ ግራሩን ጨረሰው፤ ውቢት ስትደርስ የቀረው ከኩልፎ ወንዝ ዳር፣ ከሙዝ እርሻው አጠገብ የተጣለው ትልቅ ሾላ ብቻ ነበር።

«ይኼን ለምን ሰው አልወሰደውም?» አለችው ካሱን።

«እኔ እንጃ» አለ ካሱ፤ ዓይኑን ግን ወደ ወንዙ አዞረ። «ከወሰድሽው ውሰጂው፣ እትዬ ውቢት። እኛም ቶሎ ቢነሣልን ነው የምንወደው።»

እዚህ ላይ ብትጠረጥር ጥሩ ነበር። አልጠረጠረችም፤ ነፃ እንጨት ያገኘ ሰው አይጠረጥርም።

ኦይታ በአህያ ጋሪው እያመላለሰ ግንዱን ጓሮዋ ውስጥ፣ ከሽፈራው ዛፉ ጥላ ሥር አራገፈው። በማግስቱ ጠዋት ልብሱን ከወገቡ በላይ አውልቆ ሥራ ጀመረ። ቅርንጫፉ ዋዛ ነበር። መሐሉም ቢሆን እያጉረመረመ ተፈለጠ። የቀረው ከሥር የተቆረጠው ጉማጅ ነው፤ ወፍራም፣ አጭር፣ ቁጭ ያለ ሰው የሚያህል። ኦይታ መጥረቢያውን አሳረፈበት፤ መጥረቢያው ተመልሶ ዘለለ። ሽብልቅ ሰክቶ በመዶሻ መታው፤ ሽብልቁ እስከ አንገቱ ገባና ትንሽ ቆይቶ፣ ማንም ሳይነካው፣ ወደ ላይ ወጥቶ መሬት ላይ ወደቀ።

ውቢት ከምድጃዋ አጠገብ ሊጥ እያድበለበለች ታየው ነበር። ኦይታ ሽብልቁን አንሥቶ እንደገና ሰካ፣ እንደገና መታ። በዚህኛው ከግንዱ ውስጥ ድምፅ ወጣ። የእንጨት ድምፅ አይደለም። ተኝቶ የቀሰቀሱት ሰው የሚያወጣው ዓይነት፣ ረዘም ያለ ትንፋሽ ነው። አህያዋ ጆሮዋን አቆመች። ኦይታ መዶሻውን ቀስ ብሎ፣ ልክ የተኛ ሰው ያለበት ቤት እንደገባ ሰው፣ መሬት ላይ አስቀመጠ።

«እትዬ፣ ይቺን አልፈልጥም።»

«ምነው? እጅህን ጎዳህ?»

«ውስጧ ሰው አለች።»

ሌላ ጊዜ ቢሆን ትስቅ ነበር። የኦይታን ፊት ስታይ ግን አልሳቀችም፤ ጥቁሩ ሰውዬ ዓመድ መስሏል። ሊጡን እጇ ላይ እንደያዘች ተጠጋችው።

«ምን ዓይነት ሰው?»

«ልጅ። ተማሪ።» ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ኩልፎ ዳር፣ ሾላዋ ሥር መቷት። ያኔ፣ በዚያ ጊዜ። ሙዝ የምታጠጣ ሰውዬ አየች፣ ለእኔ ነገረች። ሬሳዋን ለሰዎቿ አልሰጡም። ሰዎቿ መጥተው በስሟ አልጠሯትም። ያልተጠራች ዛፏ ውስጥ ትገባለች፤ አባቴ እንዲህ ትል ነበር። አሁን ብፈልጣት ጎሜ ነው፣ እትዬ። በእኔም፣ በአንቺም ቤት ትወርዳለች።»

ጎሜን ውቢት ታውቃለች። ከጋሞ ሰው ጋር ያን ያህል ዘመን ኖሮ ጎሜን የማያውቅ የለም፤ የማይነካውን የነካ ሰው ከብቱም፣ ልጁም፣ ማሳውም የሚከፍለው ነገር ነው። አሁን ግን የጆሮዋን ደጅ የዘጋው ሌላ ቃል ነበር። መቷት። ሬሳዋን። በስሟ።

«ድምፅ ታሰማለች?» አለች። የገዛ ድምፅዋ ከሩቅ መጣባት።

«እናቷን ትጣራለች» አለ ኦይታ።

ውቢት ስሟ ማነው ልትል አፏን ከፈተች። ቃሉ ምላሷ ጫፍ ላይ ነበር። በዚያች ቅጽበት ከአጥሩ ማዶ የአብዮት ጠባቂው ጠመንጃ ከግንቡ ጋር ሲጋጭ ተሰማ፤ «የምን ሹክሹክታ ነው እዚያ?» የሚል ድምፅም ተከተለ። ኦይታ መጥረቢያውን ጋሪው ላይ ወረወረ። አህያዋን እያዞረ፣ ከንፈሩን ሳያንቀሳቅስ እንዲህ አላት።

«አትፍለጪ፣ አታንድጂ። በቀትር ብትጣራ አቤት አትበይ። አቤት ያለች አብራት ትሄዳለች። እኔ የሚያወጧትን ሰዎች አመጣለሁ።»

ይህን ብሎ ሄደ። ውቢት ከነሊጧ ግንዱ ፊት ቆማ ቀረች።

እንግዲህ አያድርስ ነው። ኦይታ ወንዱንም ሴቱንም «እሷ» እንደሚል በከተማው ከእሷ ይበልጥ የሚያውቅ የለም፤ ስንት ጊዜ ስቃበታለች! ግን ሰው የፈራውን ሲሰማ ሰዋስው አይመረምርም። ልቧ ለሁለት ዓመት ከመንፈቅ አንዲት ቃል ሲጠብቅ የኖረ ስለነበር ቃሏ በኦይታ አፍ ስትመጣ ተቀብሎ ዋጣት። ደግሞስ ያ ሁሉ ሰው እያለ ግንዱ ለምን እሷ ቤት መጣ? ለምን ማንም ሳይወስደው ቀረላት? ካሱ ለምን ዓይኑን አዞረ? ሁሉም ነገር ገጠመላት፤ ያውም ልክክ ብሎ።

እጇን ከግንዱ ላይ አሳረፈች። ፀሐዩ ድንጋይ የሚሰነጥቅ ነበር፤ ግንዱ ግን የጉድጓድ ውኃ ያህል ይቀዘቅዛል። ጆሮዋን አስጠጋች። ከውስጥ፣ ከሩቅ፣ ጥርስ እንደ ማፋጨት ያለ ነገር ቀጭ ቀጭ ይላል። እርጥብ እንጨት ሲደርቅ እንዲህ እንደሚል ታውቃለች፤ ስንቱን ግንድ አድርቃለች። ይህን ዕውቀቷን ግን ያን ቀን ከየት ታምጣው።

«ሉሊትዬ» አለች፣ በሹክሹክታ። «እዚህ ነሽ እንዴ፣ እናቴ?»

ቀጭ ቀጭታው ቆመ። ውቢት መሬት ላይ ተቀምጣ ነጠላዋን አፏ ውስጥ ጎስጉሳ፣ ድምፅ ሳታሰማ እስኪበቃት አለቀሰች።

በማግስቱ ቀበሌ ሄደች። ከግንድ ውስጥ መርዶ መጣልኝ አይባል፤ ደግሞም በዚያ ክፉ ዓመት ለተገደለ ሰው ማልቀስ ራሱን የቻለ ጥፋት ነበር። ስለዚህ ሊቀ መንበሩን ገነነን «ልጄ ሞያሌ መንገድ ላይ በወባ ሞተች የሚል መርዶ ደረሰኝ፤ እርሜን ላውጣ» አለችው። ገነነ ክፉ ሰው አልነበረም፤ ሥራው ክፉ የሆነበት ሰው ነው። ዓይኑ እንባ አቀረረ፤ ወዲያውም ፊቱ ላይ ዕረፍት የመሰለ ነገር ታየ።

«በወባ ከሆነማ አልቅሺ፣ እትዬ ውቢት» አላት። «የሚፈልጋትም የለም ከእንግዲህ። ድንኳኑን ከማኅበሩ እናውስሻለን።»

ድንኳን ተተከለ፤ ፍራሽ ተነጠፈ። ውቢት ልብሷን ከል ነክራ ጓሮ አሰጣች። ጎረቤቷ ሻሺቱ ከቤቷ ንፍሮ ቀቅላ፣ ውኃ ቀድታ፣ ሰው ታስተናግድ ጀመር። ሻሺቱ ባሏ ወንጌላዊ የነበረ፣ ጸሎት ቤታቸው ሲዘጋ፣ ሉሊት ከጠፋች በኋላ፣ ከጨንቻ ወደ አርባ ምንጭ የወረደች ደግ ሴት ናት። ሉሊትን አይታት አታውቅም፤ ቢሆንም የገዛ ልጇ የሞተች ያህል አለቀሰችላት።

እውነቱን እንናገር ከተባለ ውቢት ቀለል አላት። ማፈሯም አልቀረ። ከዚያ ሁሉ ጊዜ በኋላ አንጀቷን የጠመዘዘው ጥያቄ ለቀቃት፤ መልሱ መጥፎ ቢሆንም መልስ ነው። እንባዋ እንደልቡ ወረደ፤ ስትተኛም እንቅልፍ ወሰዳት። የጓሮውን በር ቆለፈችው፤ ማን ሊመጣበት ነው ከእንግዲህ? በዚያ በኩል ያለው ግንዱ ብቻ ነው፤ ግንዱን ደግሞ ፈርታዋለች። የራሷን ልጅ መፍራቷ እያቃጠላት ፈርታዋለች።

ቀትር ለአርባ ምንጭ ሰው ሌሊት ነው። ፀሐዩ አናት ላይ ሲቆም መንገዱ ጭር ይላል፤ ዘበኛው ቀበሌ በረንዳ ላይ ያንኮራፋል፤ ውሻ እንኳ ጥላ ካላገኘ አይጮኽም። በውቢት አገርም ቢሆን ቀትር የሰው ሰዓት አይደለም። ሴት ልጅ በቀትር ወንዝ አትወርድም፣ ሕፃን ብቻውን ደጅ አይተውም፣ የቀትሩ ጋኔን በሚወዱት ሰው ድምፅ ይጣራል እየተባለ ነው ያደገችው። ኦይታ ከካምባ፣ እሷ ከመንዝ ይዘውት የመጡት ነገር እዚህ ላይ ተገናኘ። መንዜና ጋሞ በአንድ ነገር ሲስማሙ ያን ጊዜ አየች።

በለቅሶው ማግስት፣ ለቀስተኛው ሙቀቱን ሸሽቶ ወደየቤቱ በተበተነበት በዚያ ሰዓት ውቢት ጓዳ ውስጥ መደብ ላይ ጋደም ብላ ነበር። መጀመሪያ ግንዱ ጮኸ፤ ቀጭ፣ ከዚያ ረዘም ያለ ሲጥጥታ። ቀጥሎ ዝምታ ሆነ። ከዝምታው ውስጥ፣ ከጓሮው በር ሥር፣ ቀጭን ድምፅ መጣ።

«እማዬ።»

ውቢት እንዳትጠራጠረው ሆኖ ነው ድምፁ የመጣው። «ማ» ላይ ትንሽ የሚጎትት፣ ከሕፃንነቷ ጀምሮ ያልተወችው የልጇ አጠራር ነው። ጋኔኑ ይህንንም አጥንቶታል፣ አለች በልቧ።

«እማዬ… ኧረ እማዬ።»

አቤት የምትለው ቃል ሆዷ ውስጥ ተነሥታ፣ ደረቷን ቧጥጣ፣ ጉሮሮዋ ላይ ደረሰች። ውቢት ሁለት እጇን አፏ ላይ ጫነች። አቤት ያለች አብራት ትሄዳለች። ብትሄድስ ምን ነበረበት? ይህንንም አስባዋለች። ግን ለሞተች ልጇ ነፍሷን እንኳ የምትሰጥ እናት፣ ልጇን መስሎ ለመጣ ጋኔን አትሰጥም። ልጄማ ሞታለች፣ አለች፤ ልጄማ እዚያ ግንድ ውስጥ ናት፤ ይኼ ድምፅዋን የሰረቀ ነው።

በሩ በቀስታ ተገፋ። መቀርቀሪያው ተንገጫገጨ።

«ምነው በሩን ቆለፍሽብኝ?» አለ ድምፁ፤ አሁን እንባ ነበረበት።

ውቢት ነጠላዋን ራሷ ላይ ጠቅልላ ግድግዳውን ዞራ ተኛች፤ በልቧ «በስመ አብ» እያለች፣ ጆሮዋን በመዳፏ ደፍና፣ ላብ በላብ ሆና። ከአጥር ወዲያ የሆነ የሴት ድምፅ ተሰማት፤ እሱንም የጋኔኑ ነው ብላ አልሰማም አለች። እጆቿን ስታነሣ ጥላው ዞሯል፤ ጓሮው ውስጥ ትንፋሽ አልነበረም።

በማግስቱ ረፋድ ላይ ኦይታ መጣ። ከኋላው አንዲት አቧራ የለበሰች ሴት ትከተለዋለች፤ ጠይም፣ አጭር፣ ዓይኗ የከሰለ። ለቀስተኞቹን በእጇ ሰላም ብላ፣ ሳትቀመጥ፣ ቀጥታ በቤቱ ጎን ወደ ጓሮ አለፈች። ውቢት ተነሥታ ተከተለቻቸው።

«እትዬ፣ ይቺ አበቡ ናት» አለ ኦይታ። «ከምዕራብ ዓባያ ይዣት መጣሁ። እናቷ ናት።»

«የማን እናት?»

«የእሷ ነዋ!» አገጩን ወደ ግንዱ ወረወረ። «የልጇ። ግንዷ ውስጥ ያለችዋ።»

ውቢት ሴትዮዋን አየች፤ ግንዱን አየች፤ ኦይታን አየች።

«ኦይታ» አለች፣ ቃል በቃል፣ ድብልብል ሊጥ የምትቆጥር ያህል ዝግ ብላ። «ልጁ… ወንድ ነው?»

ኦይታ ግራ ተጋባ። «ወንድ ነበረች እኮ፣ እትዬ! ማቴዎስ ትባላለች። እዚሁ ትማር ነበር። እኔ ነገርኩሽ አይደለም?» ከዚያ ከል ልብሷን፣ ከወዲያ በኩል የድንኳኑን ጫፍ አስተዋለ፤ አፉ ተከፈተ። «እናንተ ቤት ማን ሞተች?»

አበቡ ግንዱ ፊት ተንበርክካለች። ሙሾ አላወጣችም፤ ጸሎት ቤቷ የተዘጋባት የወንጌል አማኝ ነበረችና በቋንቋዋ ቀስ ያለ መዝሙር አንጎራጎረች። ከዚያ ፊቷን ከእንጨቱ ላይ አድርጋ «ማቴዎስ» አለች። ጠበቀች። «ማቴዎስ፣ መጣሁ፤ ተነሥ እንሂድ።»

ግንዱ ከላይ እስከ ታች ጯ ብሎ ተሰነጠቀ። መጥረቢያ አልነካውም፤ ሽብልቅ አልገባበትም። ሁለት ሆኖ ግራና ቀኝ ተጋደመ። ውስጡ ነጭና ባዶ ነበር፤ የሻገተ ነገር የለ፣ ቀዳዳ የለ፣ ምንም የለ። ከውስጡ የወጣው ቀዝቃዛ አየር ብቻ የውቢትን ቁርጭምጭሚት ዳሶ አለፈ። አበቡ አንዱን ስንጣሪ አንሥታ፣ በነጠላዋ ጠቅልላ፣ ጀርባዋ ላይ አዝላ አጥብቃ አሰረችው። ሲያዩዋት ከገበያ ልጇን አዝላ የምትመለስ ሴት ናት። ውቢትን ስማት፣ «እግዚአብሔር ይስጥሽ፣ ስላላነደድሽው» ብላት፣ በመጣችበት መንገድ ሄደች።

«አሁን እንጨት ሆነች» አለ ኦይታ፤ የቀረውን በእግሩ እየነካ። «አሁን ትነዳለች።»

ውቢት እሱን አልሰማችውም። በዓይኗ የጓሮውን በር እያየች ነበር። ግንዱ ውስጥ የነበረው የአበቡ ልጅ ከሆነ፣ ትናንት በቀትር «እማዬ» ያላት ማነው? ግድግዳውን ይዛ «ሻሺቱ! ሻሺቱ!» ብላ ተጣራች።

ሻሺቱ እጇን በቀሚሷ እየጠረገች ደረሰች።

«ትናንት ቀትር ላይ በዚህ በኩል ሰው አይተሻል?»

ሻሺቱ ወደ ድንኳኑ ዞር ብላ አይታ ድምፅዋን ቀነሰች። «ሐዘንሽ ላይ እንዳልጨምርብሽ ብዬ ነው ያልነገርኩሽ፣ እትዬ። አንዲት ልጅ ነበረች። ቀጭን፣ ሻሽ እስከ ዓይኗ ያሰረች፣ የሙዝ ቅጠል ተሸክማ፤ ከእርሻ የምትመጣ ነው የምትመስለው። በርሽን ስትገፋ በአጥሩ አየኋትና ‹ማንን ነው?› አልኳት። ‹የቤቱን ሰዎች› አለች። ‹ለቅሶ ላይ ናቸው፤ ሴት ልጃቸው ሞታ› አልኳት።»

«ከዚያስ?»

«ቀጥ ብላ ቆመች። በበሩ ስንጥቅ ያንን የተሰጣ ከል ልብስሽን አየችው። ‹ቀበሌዎቹስ መሞቷን አምነዋል?› አለችኝ። ይኼ ምን የሚሉት ጥያቄ ነው? ‹ሊቀ መንበሩ ራሱ አልቅሷል፤ ከእንግዲህ ማን ይፈልጋታል› አልኳት። አንገቷን ደፍታ ሳቀች፤ ወይም አለቀሰች፣ እኔ እንጃ። ‹እንግዲያው ለእናቲቱ አደራ በዪልኝ፤ ለቅሶዋን እንዳታቋርጥ› አለችና ወደ ኩልፎ ወረደች። እኔ እንጃ እትዬ፣ በዚያ ፀሐይ ላብ እንኳ አልነበረባት። ሰው መሆኗንም እጠራጠራለሁ፤ ስጸልይ ነው የዋልኩት።»

ውቢት እግሯ ወደ በሩ አንድ ጊዜ ተወረወረ። ኩልፎ ሩቅ አይደለም፤ የሙዙ እርሻ ከዚያ ይታያል። ብትሮጥ፣ ብትጣራ፣ አቤት ብትላት፣ አንዴ ብቻ! መቀርቀሪያውን ያዘች። ከድንኳኑ የአብዮት ጠባቂው ሳቅ ተሰማት፤ ካርታ እየተጫወተ ነበር፣ ጠመንጃውን ከፍራሹ ጎን አስደግፎ። ወደ ኩልፎ እየሮጠች የልጇን ስም የምትጠራ እናት ምን ማለቷ እንደሆነ እሱም ያውቃል። ልጇን ከሁሉም የሰወረላት እሷ ራሷ በስሕተት የተከለችው ያ ድንኳን ነው።

መቀርቀሪያውን ለቀቀችው። ጣቶቿ እምቢ ብለው ነበር፤ አንድ በአንድ አላቀቀቻቸው።

በቤቱ ጎን ዞራ ወደ ድንኳኑ ገባች። ገነነ ሊያጽናናት መጥቶ ቆቡን በእጁ ይዞ ተቀምጧል። ውቢት ፍራሹ መሐል ቆመች፤ ነጠላዋን ከወገቧ አሰረች፤ ደረቷን መታች። ያን ቀን እንዳለቀሰችው መርዶው በመጣ ቀን አላለቀሰችም። ለቀስተኛው ሁሉ ደንግጦ ተነሣ። ሻሺቱ እጇን ልትይዛት ሞከረች፤ አልቻለችም።

«በቃሽ እትዬ ውቢት፣ ራስሽን ጎዳሽ» አለ ገነነ፣ ዓይኑ ቀልቶ። «ምን ይደረግ፣ አትመለስ።»

«አትመለስም!» አለች ውቢት። «ልጄ ሞታለች! ሰምታችኋል? ሉሊቴ ሞታለች!»

ወደ ኩልፎ ፊቷን አዙራ፣ ድምፅዋ እስከ ሙዙ እርሻ ድረስ እንዲሄድ፣ ጉሮሮዋ እስኪሰነጠቅ ድረስ ጮኸች።